ከሞዞ ጋር የተጣበቀ ጎማ አፈታት

ዳዶዎቹ ሁሉ ወልቀዋል፣ መኪናው በክሪክ ተነስቷል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መዶሻ ይፈልጋል። መዶሻው ያለ ቦታው ሲያርፍ ደግሞ ጎማው እንደተጣበቀ ይቀርና ቸርኬው (ላስቲኩ የሚገጠምበት ብረት) ይጣመማል፣ የብሎን ጥርስ ይበላሻል፣ ይባስ ብሎም መኪናው ከክሪኩ ላይ ይንሸራተታል። የተጣበቀ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ዳዶዎቹ በጥቂቱ ላልተው እዚያው እያሉ ኃይሉ በላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ነው። ከታች ያሉት መንገዶች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሄዱ የመጨረሻዎቹ ላይ ሳትደርሱ ሥራው ያልቃል።

ለምን ይጣበቃል?

ሞዞ ቸርኬው የሚቀመጥበት፣ ብሎኖቹ የወጡበት የሚሽከረከር ብረት ነው። ከመሃሉ ክብ አንገት ይወጣል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ ጎማውን መሃል ለመሃል የሚያስቀምጠው ይህ አንገት ሲሆን፣ የቸርኬው መሃል ቀዳዳ በላዩ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። በቶዮታ ቪትዝ ላይ ለምሳሌ ቀዳዳው 54.1 ሚሊሜትር ነው፤ በእሱና በአንገቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ለዓይን የሚታይ አይደለም። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያቺ ጠባብ ክፍተት ትሞላለች፣ ከዚያም ትጨናነቃለች።

አሉሚኒየም ቸርኬ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ፣ በተለይ ውሃው ጨው ካለበት፣ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይፈጥራል። ይህ ነጭ ነገር ሲጠነክር ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አንድ ያደርገዋል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች፣ በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም የሚነዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከእነዚህ አገሮች አገልግለው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ መኪኖችም ዝገቱን ይዘውት ይመጣሉ፤ አዲስ አበባ ጨው ባይበተንም የክረምቱ ጭቃና ለወራት ቆሞ መክረም ይጨምርበታል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ስዊድን ውስጥ የክረምት መንገድ ሁኔታ ሲኖር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ ግዴታ ስለሆነ ጎማው በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈታል፣ ለመጣበቅም ፋታ አያገኝም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጎማ የሚነዳና ፍሬኑ ለዓመታት ሳይፈታ የሚቆይ መኪና ግን ሲፈታ ያስቸግራል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ተጣብቋል?

ከመታገላችሁ በፊት ሌላ የያዘው ነገር እንደሌለ አረጋግጡ። ኮፓውን ወይም የመሃሉን ክዳን አውልቁ፤ ከስሩ የተረሳ ዳዶ ሊኖር ይችላል። ከዳዶዎቹ አንዱ የሌባ መከላከያ ሆኖ የራሱ ልዩ ቁልፍ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ከላይ በስስ ቆርቆሮ የተለበጡ ዳዶዎች ደግሞ ቆርቆሯቸው ሲያብጥ ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ) በትክክል አይዛቸውም፤ ስለዚህ የተፈቱ መስለው ሳይፈቱ ይቀራሉ። የጀርመን መኪኖች ላይ ደግሞ በዳዶ ፋንታ ወደ ሞዞው የሚገባ ብሎን ነው ያለው፤ ሁሉም ከወጣ ጎማውን የሚሸከም ነገር ስለማይኖር አንዱን ብሎን ከላይ በኩል በጥቂቱ አስገብታችሁ ተዉት።

የኋላ ጎማ በታምቡር ፍሬን፣ ማለትም በዲስክ ፋንታ ከበሮ በመሰለ ብረት፣ የሚሠራ ከሆነ ታምቡሩም አብሮ እየወጣ ሊሆን ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ከሆነ የፍሬን ሸራዎቹ ታምቡሩን ይዘው ያስቀሩታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ የኋላ ጎማ ስትፈቱ፣ መኪናው በታኮና በማርሽ መያዙን አረጋግጣችሁ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ አትርሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክሪክ፣ ከተቻለ የጋራዥ ሃይድሮሊክ ክሪክ፤ ቢያንስ አንድ የብረት መደገፊያ፤ ሁለት ታኮ፤ ትክክለኛው ቁጥር ያለው ቡሶላ (ብዙ ቶዮታዎች 21፣ ሆንዳዎች 19)፤ ዝገት ፈቺ ፈሳሽ፤ 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የላስቲክ መዶሻ ወይም ከባድ መዶሻ ከአንድ ሜትር ርዝመት ካለው ጠንካራ እንጨት ጋር፤ የሽቦ ብሩሽና 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፤ ጓንትና መነጽር። መጨረሻ ላይ ለማጥበቅ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ በጣም ጥሩ ነው።

ደብሊውዲ 40 በየሱቁ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እሱን ይጠቀማል፤ ለቀላል ዝገት ይረዳል። ለዓመታት ለቆየ ዝገት ግን በተለይ ለዝገት መፍቻ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ፤ ይበልጥ ቀጭን ስለሆነ ወደ ጠባብ ቦታ ሰርጎ ይገባል።

ዝግጅት

መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙት። የእጅ ፍሬን ሳቡ (የምትፈቱት ታምቡር ያለው የኋላ ጎማ ካልሆነ)፣ ማርሹን አንደኛ ላይ ወይም ፒ ላይ አድርጉ፣ ከምትፈቱት ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ ቆሞ እያለ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር አላሏቸው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ጠንካራ ዳዶ ለመፍታት መታገል መኪናውን ከክሪክ የሚያወርድ ነገር ነው።

የመሃሉን ክዳን አውልቃችሁ ፈሳሹን ቸርኬውና የሞዞው አንገት በሚገናኙበት ክብ መስመር ላይ ብቻ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ርጩ፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙት። ከጀርባ በኩል በጭፍን አትርጩ። ዲስኩ ወይም ሸራው ላይ ካረፈ ፍሬን አይዝም፤ ድንገት ከነካው ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ በደንብ እጠቡት፣ ሸራው ከጠጣው ደግሞ መቀየር አለበት። ብሎኖቹ ላይም ባይደርስ ይመረጣል፤ ምክንያቱን ከታች ስለ ማጥበቅ ስንደርስ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ መኪናውን በትክክለኛው የክሪክ ቦታ አንሱትና መደገፊያውን ከስሩ አስገብታችሁ ክብደቱን በእሱ ላይ አሳርፉ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ባትሪው ወለሉን ስለሚሞላው ክሪክ የሚያርፍበትን ነጥብ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሳታዩ አታንሱ። መንገድ ላይ ሆናችሁ መደገፊያ ከሌላችሁ ስኮርታ (መለዋወጫ) ጎማውን በጎኑ አስተኝታችሁ ከመኪናው ስር፣ ከበሩ በታች አስገቡት፤ መኪናው ቢወድቅ የሚያርፈው በእሱ ላይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ግን በእግር መምታትም ሆነ መዶሻ ማንሳት የለም፤ በቀጥታ በክብደት ወደሚፈታበት መንገድ እለፉ።

በእጅና በእግር

ዳዶዎቹን ጨርሳችሁ አታውልቁ። እያንዳንዳቸው ከቸርኬው 5 ሚሊሜትር ያህል እስኪርቁ ላሏቸው። ጎማው በድንገት ሲለቅ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ጥርሳቸው ያለ ክብደት ስለሆነ በዚህ አይጎዳም።

ጎማውን በሁለት እጅ ከላይና ከታች ይዛችሁ አንዱን ጎን እየገፋችሁ ሌላውን ሳቡ፣ ከዚያ ገልብጡ። ካልሆነ በተረከዛችሁ የላስቲኩን ጎን ምቱ፣ መጀመሪያ በግራ ጠርዝ፣ ቀጥሎ በቀኝ ጠርዝ። አንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲገፋ ተቃራኒው ወደ ውጭ ያጋድላል፤ ዝገቱን የሚሰብረው ይህ ማጋደል ነው። ጥቂት ከመታችሁ በኋላ ጎማውን ሩብ ዙር አዙሩትና ድገሙ። የተጣበቀው ቦታ አንድ ጎን ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቦታ እየደጋገሙ መምታት ከንቱ ድካም ነው።

ከጀርባ በእንጨትና በመዶሻ

የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩት። የጎማው አንዱ ጠርዝ ከመኪናው ውጭ ስለሚወጣ ከመኪናው ስር ሳትገቡ ጀርባውን መምታት ትችላላችሁ። የእንጨቱን ጫፍ በላስቲኩ ላይ፣ ወደ ቸርኬው ጠርዝ ጠጋ አድርጋችሁ አሳርፉና የእንጨቱን ሌላ ጫፍ በመዶሻ ምቱ። ሦስት አራት ጊዜ መትታችሁ ጎማውን አዙሩ። የላስቲክ መዶሻ ካላችሁ ያለ እንጨት ላስቲኩን በቀጥታ መምታት ይቻላል።

የኋላ ጎማ መሪ ስለሌለው ረጅሙ እንጨት የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ እንጨቱ ከመኪናው ስር ይገባል፣ እናንተ ግን ሙሉ አካላችሁ ውጭ ይቀራል። በመደገፊያ ላይ ያለም ቢሆን እየተመታ ባለ መኪና ስር ጭንቅላት ወይም ደረት ማስገባት ፈጽሞ አይፈቀድም።

እንጨቱን ከማሳረፋችሁ በፊት በባትሪ ብርሃን ጀርባውን እዩ። የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የኤቢኤስ ገመድ፣ የአክሰሉ ላስቲክ ሽፋን፣ አሞርዛተሩ፣ የመሪው ዘንግ ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው። የሚመታው ላስቲኩ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ቸርኬን በብረት መዶሻ መምታት ጠርዙን ይሰነጥቀዋል ወይም ያጣምመዋል፤ ስንጥቁ ወዲያው ባይታይ እንኳ ጎማው ቀስ በቀስ አየር ያወጣል። ዲስኩን መምታት ዲስኩን ያጣምማል፣ ከዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። የብሎኖቹን ጫፍ መምታት ጥርሳቸውን ስለሚያደፈርስ ዳዶው ተመልሶ አይገባም። የሞዞውን መሃል ከፊት መምታት ደግሞ ድብደባውን በቀጥታ ሞዞው ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይወስደዋል፤ ከሳምንታት በኋላ መኪናው ሲሄድ መጉረምረም ይጀምራል።

የፈላ ውሃ

ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ከዚህ ሁሉ መዶሻ ሊሻል ይችላል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ገደማ ነው። ውሃውን በቸርኬው መሃል አካባቢ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ሙቀቱ ወደ ሞዞው ሳይደርስ ወዲያው በእግር ወይም በላስቲክ መዶሻ ሞክሩ። የሚከፈተው ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ቢሆንም የደረቀውን ነጭ ዱቄት ለመሰንጠቅ በቂ ነው። ለብረት ቸርኬ ይህ አይረዳም፤ ሁለቱም እኩል ይለጠጣሉ።

እሳት ግን አይሞከርም። ላስቲክ የተገጠመበትን ቸርኬ በኦክሲጅን ወይም በጋዝ እሳት ማሞቅ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ፍንዳታውም ሰው የሚገድል ነው። በየጋራዡ ሲደረግ ማየት የተለመደ ስለሆነ ብቻ አደጋው አይቀንስም። ቸርኬው ራሱም የተሠራበትን ጥንካሬ ያጣል።

በመኪናው ክብደት

ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን እምቢታ ይሰብራል፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ጥንቃቄው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

መኪናው እንደተነሳ ዳዶዎቹን በሙሉ ወደ ቦታቸው መልሱና በጣት እስኪጠብቁ አስገቧቸው። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ዙር ፍቱ። ብዙ የቤት መኪኖች ላይ የብሎኑ ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁለት ዙር ማለት 3 ሚሊሜትር ክፍተት ነው። ከዚያ በላይ ካላላችሁ ጎማው ሲለቅ አጋድሎ ክብደቱን በብሎኖቹ ጥርስ ላይ ያሳርፋል፣ የቸርኬውን ቀዳዳዎችም ያጠፋል። አንድም ዳዶ መጉደል የለበትም።

መደገፊያውን አውጥታችሁ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። አንዳንዴ ክብደቱ ገና ሲያርፍ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ካልሆነ ከመኪናው ጎን ቆማችሁ ጣሪያውን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። የፊት ጎማ ከሆነ ሞተር አስነስታችሁ መኪናው ቆሞ እያለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ።

አሁንም ካልለቀቀ ታኮዎቹን አንሱና ሰው በሌለበት ደልዳላ ግቢ ውስጥ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ አንድ ሁለት ሜትር ወደፊት ሄዳችሁ ፍሬኑን በደንብ ያዙ፤ ወደኋላ ሄዳችሁ ድገሙት። ድምፁ እንደተሰማ እዚያው ቁሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ አያስፈልግም። በአስፋልት ላይ፣ በቁልቁለት ወይም መኪና በሚተላለፍበት ቦታ ይህን መሞከር የለም። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ዳዶዎቹ ተጨማሪ እንዳልላሉ በእጅ ዳስሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀ ፈሳሹን እንደገና ርጩ፣ ዳዶዎቹን መልሳችሁ በሙሉ አጥብቁና መኪናውን አሳድሩት። በማግስቱ እንደገና ከእግር ጀምሩ። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ሊፍት ያለው ጋራዥ ውሰዱት፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ሠራተኛው ቆሞ ከጀርባ እኩል በእኩል መምታት ይችላል።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ

ብዙዎች ጎማው ከወጣ በኋላ ሸራውን ቀይረው ወይም ስኮርታውን ገጥመው ይሄዳሉ፤ ዝገቱም እዚያው ይቀራል። ሳይጸዳ ከተገጠመ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ትግል ይጠብቃችኋል። ከዚያም የከፋ አለ፦ በቸርኬውና በሞዞው ፊት መካከል የተጣበቀ የዝገት ቅርፊት ዳዶው በትክክል የጠበቀ ያስመስላል፤ መኪናው ሲሄድ ቅርፊቱ ይደቅና ዳዶው ይላላል። ጎማ መንገድ ላይ ወልቆ ከሚሄድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የሞዞውን አንገት ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አጽዱ። በብሎኖቹ ሥር ያለው ጥግ ዝገት የሚሰበሰብበት ስለሆነ እዚያ ላይ ጊዜ ስጡ። የቸርኬውን መሃል ቀዳዳና ጀርባውንም እንዲሁ፤ አሉሚኒየም ሲሆን ግን በጠንካራ ሽቦ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት፣ የተጣበቀው ነጭ ነገር እስኪነሳ ብቻ። ጣታችሁን ስታሳልፉበት የሚያደናቅፍ ነገር መኖር የለበትም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ የፍሬን አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፉት።

ቸርኬው ለመኪናው የራሱ ካልሆነና በመሃል ማስተካከያ ቀለበት ካለው ቀለበቱን አውጥታችሁ እዩ። የአሉሚኒየም ቀለበት ከሞዞው ጋር ክፉኛ ይጣበቃል፤ የፕላስቲኩ ለዚህ ይሻላል፣ ከተሰነጠቀ ግን ወዲያው ይቀየር።

ቀጥሎ በአንገቱ ላይ ብቻ በጣም ስስ ቅባት አድርጉ። ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ወይም የአሉሚኒየም ፀረ-መጣበቅ ቅባት ጥሩ ነው። ለአንድ ጎማ የምስር ፍሬ የምታህል በቂ ናት፤ በጣት ዙሪያውን ቀቡት፣ የተረፈውን ጥረጉት። ከበዛ በፍሬኑ ሙቀት ቀልጦ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ሁለቱ ብረቶች ፊት ለፊት በሚጋጠሙበት ጠፍጣፋ ቦታ፣ በብሎኖቹ ጥርስና ዳዶው በሚቀመጥበት ቀዳዳ ላይ ምንም ቅባት አይደረግም። የቶዮታ መጽሐፎችም ብሎኑ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ አታድርጉ ብለው በግልጽ ይከለክላሉ። ጥርሱ ሲቀባ ሰበቃው ስለሚቀንስ፣ ቁልፉ ላይ የሚሰማው ኃይል ያው ሆኖ ብሎኑ የሚሳበው ግን ከተገቢው በላይ ይሆናል። ከዚያ ብሎኑ ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል።

መልሶ ማጥበቅ

ዳዶዎቹን በእጅ ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አራት አምስት ዙር በጣት መግባት አለበት። ከመጀመሪያው የሚከብድ ከሆነ ጥርሱ ተጣሟልና አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። መኪናው ተነስቶ እያለ ጎማው ቦታው ላይ እስኪቀመጥ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ሙሉ ማጥበቁ መሬት ላይ ከወረደ በኋላ ነው፣ እሱም በሰያፍ።

ለኮሮላና ለቪትዝ ቶዮታ የሚሰጠው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ብዙ ሆንዳዎች 108፣ ፎልክስዋገን ጎልፍ 120 ናቸው። የሌላውን ከመኪናው መጽሐፍ ላይ አንብቡ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ወደ 103 ይጠጋል፤ ስለዚህ ቁልፉ ላይ ሙሉ ሰውነታችሁን ይዛችሁ መውጣት ከልክ በላይ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ በአየር መሣሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዳያጠብቁት ንገሯቸው፤ መሣሪያው እንዲያስገባ፣ የመጨረሻው ግን በእጅ ቁልፍ እንዲሆን ጠይቁ። በአየር መሣሪያ ያለ ልክ የጠበቀ ዳዶ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳባችሁ በመኪናው ቁልፍ አይፈታም።

የጭነት መኪና ባለ ቀለበት ቸርኬ ወይም ጥንድ ጎማ ከሆነ ከሁሉ በፊት፣ ዳዶ ከመላላቱም በፊት፣ የሁለቱም ጎማ አየር ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ቀለበቱ ወይም ቸርኬው ተሰንጥቆ ከሆነ ዳዶው ሲላላ በአየሩ ግፊት ይወረወራል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ዳዶዎቹን በዚያው ልክ እንደገና ፈትሹ። አንዱ ሩብ ዙር እንኳ ከገባ ሁሉንም አጥብቃችሁ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ድገሙት። ለሁለተኛ ጊዜም ከላላ ጎማውን አውልቃችሁ በሞዞው ፊት ላይ የቀረ ዝገት ወይም የተለጠጠ ብሎን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ስታቀያይሩ አንገቱን በጨርቅ ጥረጉና ስስ ቅባቱን አድሱት።